«ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች» ለሚለው ጽሑፍ፦ የትኛውን፣ መቼ፣ በምን?

ሰሞኑን እዚህ ባህር ዳር ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ላልደረሳችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው ሚለው፦ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ምግብ እስኪያልቅበት ድረስ ይባዛል፣ ሲያልቅበት ይረግፋል፣ ከዛ ተፈጥሮ ሚዛኗን ትመልሳለች። ስለዚህ የጣና አሳ የቀነሰው ከልክ በላይ በዝቶ ምግብ ስላለቀበት ነው፣ የተረፈውን ደግሞ አምባዛና ፔሊካን ጨረሰው። እምቦጭም ሐይቁን ሞልቶ ሲጨርስ ራሱ ይቆማል። ጣና «የሚችለው ልክ» አለው፣ እሱን ማንም አይቀይረውም። ሰውም እንደዛው ነው፣ የ77ቱ ረሃብ ራሱ የቁጥር ማስተካከያ ነበር። ስለዚህ የእምቦጭ ዘመቻውም በክረምት አሳ ማስገር መከልከሉም ከንቱ ልፋት ነው፣ ይቅር። በቃ ይሄ ነው።

እሺ። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ወንድማችን አንብቦ እንደጻፈም ያስታውቃል። እኔ ከመነሻው ጋር ጸብ የለኝም፣ የትኛውም ፍጥረት ለዘላለም እየበዛ አይሄድም፣ እውነት ነው። ጸቤ «ገደብ አለው» ብሎ ጀምሮ «ስለዚህ ተዉት» ብሎ እስኪጨርስ መሃል ላይ የዘለለው ነገር ላይ ነው። ገደቡ ምንድነው? ትልቁን ነው የሚይዘው ጫጩቱን? በየትኛው ወር? የት ቦታ? እነዚህን ሳይጠይቁ ስለ ጣና መፍረድ እንዴት ይቻላል?

በመጀመሪያ «የሁሉም ገዳቢ ምግብ ነው» የሚለውን እንይ። ነገሩ ከማልተስ የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ በእጥፍ በእጥፍ ይባዛል ምግብ ግን በመደመር ብቻ ነው የሚያድገው ብሎ ጻፈ። በ1838 ደግሞ ቬርሁልስት የሚባል የቤልጅየም የሒሳብ ሰው ነገሩን በቀመር አስቀመጠው፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ መሃል ላይ ፈጥኖ፣ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ እየቀዘቀዘ የሚሄድ እድገት። ወንድማችን ማልተስን ጠቅሶ ቬርሁልስትን ዘሎታል፣ ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እሱ ነበር፣ እምቦጩ ጋ ስንደርስ እመጣበታለሁ።

ምግብ የሚገድብበት ጊዜ አለ፣ ሁሌ ግን አይደለም። የታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ውስጥ ያለውን ዊልደቢስት የሚባል የዱር እንስሳ ውሰዱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው) ሩብ ሚሊዮን አካባቢ ነበር፣ ሳሩ ሞልቶ ተርፎ። እንዳይበዛ የያዘው ሳር ሳይሆን ከከብት የሚተላለፍበት የደስታ በሽታ ነበር፣ በሽታው ጥጃ ጥጃውን ይፈጅ ነበር። በዙሪያው ያለው ከብት ሲከተብ በሽታው ከዱር እንስሳውም ጠፋ፣ ከዛ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ደረሰና ቆመ። አሁን ያቆመው ግን በሽታ አይደለም፣ የበጋው ወራት ሳር ነው። ያው እንስሳ፣ ያው ሜዳ፣ ገዳቢው ግን ተቀየረ! ስለዚህ «ገዳቢው ምግብ ነው» ማለት የዛሬውን ፎቶ አንስቶ ሁሌም እንዲህ ነበር እንደማለት ነው።

ራሱ በማስረጃነት ያመጣው የሴንት ማቲው ደሴት (አላስካ) አጋዘን ታሪክም እንዳሰበው አይደለም። እውነት ነው እ.ኤ.አ. በ1944 29 አጋዘን ተለቀቁ፣ በ1963 6,000 ደረሱ፣ በ1966 42 ብቻ ተገኙ። ግን ያ ደሴት አውሬ የለበትም፣ መውጫ የለውም፣ የሚበሉት መሬት ላይ የሚበቅል ላይከን (የድንጋይ ሽበት የሚባለው ዓይነት) አንዴ ከተጋጠ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ በዛ ላይ የ1963–64ቱ የበረዶ ወቅት በጣም የከፋ ነበር፣ ርቧቸው የከሱት ላይ ነው በረዶው የወረደባቸው። ምግብና አየር ተባብረው ነው የጨረሷቸው። ደግሞስ ከ6,000 ወደ 42 መውረድ «ሚዛን መመለስ» ከተባለ እንዲህ አይነቱን ሚዛን ለጣና የሚመኝ ማነው?

አሁን ወደ አሳው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስህተቱ ኪስም ሆድም የሚነካ ነው።

«የጣና አሳ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ በሶ አለ፣ ነጭ አሳ የምንለው ደግሞ ራሱ አንድ አይደለም፣ ተመራማሪዎች 15 ዝርያ ለይተውለታል፣ ላቤዮባርበስ ይሉታል፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ የትም የሉም። አሳ የሚወርድበት ቦታ ሄዳችሁ ክምሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ የአንዱ አፍ ወደታች ዞሮ ከስር ለመልቀም የተሰራ ነው፣ የሌላው መንጋጋ ረዝሞ ወደላይ የተከፈተ ነው፣ አንዱ ጎበጥ ያለ ጀርባ አለው፣ ሌላው ቀጥ ያለ። ከነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ አሳ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፣ አፋቸው ውስጥ ጥርስ ሳይኖር፣ ይሄ በአሳ ዓለም ብርቅ ነገር ነው (ይሄን ሁሉ «ነጭ አሳ» ብለን ኮተሌት አርገን እንበላዋለን እንግዲህ)።

ሕይወታቸው ግን እንደ ቀረሶ አይደለም። ቀረሶ እዛው ሐይቁ ዳር ቄጠማና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይራባል፣ እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ አፏ ውስጥ ይገባሉ። ከነጭ አሳው ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቅ የሚገባበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ውሃው ሲመችላቸው ሽቅብ ይወጣሉ፣ እንቁላላቸውን ጭቃ ያልበዛበት ጠጠር ላይ ንጹህ ውሃ በሚፈስበት ይጥላሉ፣ ጫጩቱ ቆይቶ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በዛ ላይ ለመራባት እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፣ ቶሎ የሚደርስ አሳ አይደሉም።

በፊት በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ ሳይርቁ ነበር የሚሰገረው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ፣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ቀላል ሆነ፣ በኋላ ደግሞ ያ ቀጭኑ ሞኖፊላመንት (ባለ አንድ ክር) መረብ ተጨመረ፣ ወንዙ ላይኛው ክፍል ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ እየበተኑ አሳውን የሚያደነዝዙ አሉ፣ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል። አሳው ዓመቱን ሙሉ በ3,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ሐይቅ ላይ ተበትኖ ሲኖር አስጋሪው እሱን ፍለጋ ነዳጅ ይጨርሳል፣ በነሐሴ ግን አሳው ራሱ ተሰብስቦ በሩ ላይ ይመጣለታል። እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው እዛ ጋ የሚይዛት። ጊዜውም ክፉ ነው፣ ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፣ በጾም አሳ የሚበላው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም፣ ስለዚህ ገበያው የሚሞቀው አሳው መነካት በሌለበት ወቅት ላይ ይሆናል።

ውጤቱ በጥናት ተለክቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አስር ዓመት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ አሳ በክብደት ወደ 75% ያህል ወረደ። በዛው ጊዜ ቀረሶና አምባዛ ያን ያህል አልወረዱም። እስቲ ወንድማችን ይሄን ያስረዳን፣ የሐይቁ ምግብ ነው ያለቀው ካልን እዛው ሐይቁ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉት ተርፈው ወንዝ የሚሄዱት ብቻ ለምን አለቁ? ምግብ እንዲህ መርጦ ያልቃል እንዴ? ጠባቡ በር ያለው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ አፉ ላይ ነው፣ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወር ብቻ የሚከፈት በር፣ እዛ ላይ ነው መረብ የተዘረጋው። መስኖ በሞተር ሲሳብ፣ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሲዛቅ ደግሞ በሩ ይብስ ይጠባል።

ከዚህ ቀጥሎ «አሳው ሲቀንስ የቀረው ጥጋብ ስለሚሆንለት ራሱ ይመለሳል» ይላል። ይሄ የሚሰራው የገደበው ምግብ ከሆነ ብቻ ነው። እናቶቹ ጠጠሩ ጋ ካልደረሱ ሐይቁ ውስጥ የተረፈ ምግብ ማንን ሊያሳድግ ነው? ጫጩት ከሌለ ጥጋብ ምን ይሰራል?

ፔሊካኑን በአንድ መስመር ልለፈው፣ ፔሊካንና አምባዛ ጣና ላይ ሞተር ጀልባ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊትም ነበሩ፣ አሳውም አብሯቸው ነበር።

እምቦጭ። «ሞልቶ ሲጨርስ ራሱ ይቆማል» አለ። ሞልቶ ይቆማል ማለት እኮ ሞልቶ ይቀመጣል ማለት ነው፣ ይሄድልናል ማለት አይደለም! ጣሪያው ላይ ደርሶ የቆመ እምቦጭ ማለት ብርሃን የማይገባበት፣ ከስሩ ያለው ውሃ ኦክስጅን ያነሰበት፣ ጀልባ የማያልፍበት፣ ከብት ውሃ ጠጥቶ የማይመለስበት ዳርቻ ማለት ነው፣ ደምቢያና ፎገራ በኩል ያለ ገበሬ ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ግን አንድ ነገር ልስጠው፣ ጥያቄው ጥሩ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፣ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል ይባላል። ሒሳቡን ስሩት፣ ከ1 ሄክታር ተነስቶ በየሁለት ሳምንቱ ቢያጥፍ ከ18 እጥፍ በኋላ ከ260 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፣ የጣና ስፋት 300 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው፣ ማለት ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ሐይቁ በሙሉ አረንጓዴ ምንጣፍ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ለምን? «ሞልቶ» አይደለም የቆመው፣ ሐይቁ ገና ክፍት ነው። መሃል ላይ ንፋሱና ማዕበሉ እየበጣጠሰ ይገፋዋል፣ ተረጋግቶ የሚባዛው ውሃው ጸጥ ባለበት፣ ጥልቀት በሌለበትና ወንዞቹ አፈርና የማዳበሪያ ትራፊ በሚያመጡበት በሰሜንና በምስራቅ ዳርቻ ነው። አንዱን ተክል ከውሃው ውስጥ መዝዛችሁ ብታወጡት ነገሩ ይገባችኋል፣ አንገቱ ላይ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ እብጠት አለ፣ ከስሩ እንደ ጥቁር ጸጉር የተንዘረፈፈ ሥር አለ፣ በጎኑ ደግሞ በቀጭን ገመድ የተያያዙ ልጆች ተከታትለው ይመጣሉ። ያ ጸጉር ምግቡን የሚጠጣው ከአፈር ሳይሆን ከውሃው ነው፣ ስለዚህ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ በውሃው እስከመጣለት ድረስ ምን ይጎድልበታል? እዚህ ጋ ምግብ ገዳቢ ሊሆን ይችል ነበር፣ እኛ ነን ገደቡን ያነሳንለት፣ ተዳፋቱ ላይ እርከን ሳንሰራ፣ ወንዝ ዳሩን እስከ ጫፍ እያረስን፣ የከተማውን ፍሳሽ እየለቀቅን።

ቬርሁልስት የሚጠቅመን እዚህ ጋ ነው። በሱ ቀመር እድገት በጣም የሚፈጥነው ጣሪያው ላይም መነሻው ላይም ሳይሆን መሃል ላይ፣ የጣሪያው ግማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዘመቻ ወጥቶ ግማሹን ነቅሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወደ ቤት መሄድ ማለት እምቦጩን ከተጨናነቀበት አውጥቶ በጣም በሚፈጥንበት ቦታ ላይ አስቀምጦ መመለስ ነው። ሕዝቡ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለፍቶ ነቅሎ በሚቀጥለው ዓመት «እንዴት እንደዚህ ተመለሰ» የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሌላው ደግሞ ጭቃው ውስጥ የሚቀረው ዘር ነው፣ 20 ዓመት ድረስ ሳይበላሽ ይቆያል፣ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ሲያይ ይበቅላል። ከዚህ የሚከተለው ግን «ዘመቻው ይቅር» አይደለም፣ ግማሽ ላይ አትቁሙ፣ አነስተኛ ሲሆን ተመላለሱበት ነው። የሚገርመው ያው ቀመር ለአሳው ተቃራኒውን ነው የሚመክረው፣ አሳን ብዙ ሳትጎዳ ብዙ የምታገኘው በግምት የጣሪያው ግማሽ ላይ ስታቆየው ነው፣ ከዛ በታች ከወረደ ልፋቱ ይበዛል የምታገኘው ያንሳል።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እምቦጩን የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ተለቃ ነበር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጣም ቀነሰ። ጥንዚዛዋ ናት ወይስ የ1997–98ቱ የኤልኒኖ ዝናብና ማዕበል የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ ሁለቱም ሳይረዳዱ አልቀረም። በኋላም ተመልሶ የመጣባቸው ጊዜ አለ። የትኛውም አንድ ነገር ብቻውን አይጨርሰውም ለማለት ነው ያነሳሁት።

«ጣና የሚችለው ልክ አለው፣ አይቀየርም» ላለው ደግሞ ራቅ ሳልል ፎገራን ላሳየው። ያ ሜዳ ክረምት ውሃ ተኝቶበት የከብት ግጦሽ እንጂ የእህል ቦታ አልነበረም፣ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀችው እዛ ነው። ሩዝ ሲመጣ ያው ውሃ የሚተኛበት መሬት አገር የሚመግብ ሆነ። መሬቱ አልሰፋም፣ ልኩ ግን ሰፋ፣ ለሰው። ለላሚቱ ደግሞ ጠበበ፣ ግጦሹ ታረሰ፣ የዘሩ ከብት አነሰ። ልኩ ወደታችም ይሄዳል፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ውሃውን የሚቆጣጠረው የጨረጨራ በር ከተሰራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም ይወሰናል፣ በ1995 ዓ.ም. ውሃው ከመውረዱ የተነሳ መርከብ ቆሞ ነበር፣ ባህር ሸሹ (ውሃው የሸሸበት መሬት) ታረሰ፣ ደንገሉ ተመነጠረ፣ የቀረሶ መራቢያም አብሮ ሄደ። «ልክ» ድንጋይ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይደለም።

አሁን የሰውን ነገር። «የ77ቱ ረሃብ የቁጥር ማስተካከያ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ወሎ ላይ ዘመድ የቀበረ ሰው እያለ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፣ ግን ስሜቱን ትቼ በቁጥሩ ልሂድ። በ1976ቱ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999ኙ ከ73 ሚሊዮን በላይ። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። 42 ሚሊዮኑ «ከልክ በላይ» ከነበረ ይሄ ሁሉ ሰው በምን ልክ ነው ያለው? የ77ቱን ያመጣው ድርቅ ነው፣ ድርቁን እልቂት ያደረገው ደግሞ ጦርነቱ፣ እህልና ሰው እንዳይንቀሳቀስ መደረጉና እርዳታው መዘግየቱ ነው። ከሱ በፊት ክፉ ቀን የምንለውም እንዲሁ፣ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ፣ ያው ዊልደቢስቱን ሲይዝ የነበረው በሽታ፣ ከብቱን ፈጀው፣ በሬ ጠፋ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ያኔ ሕዝቡ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነበርና ነው «በዝቶ» የሚባለው?

ደግሞ ማልተስ በሚለው ብንሄድ ኑሮው የተሻለው ብዙ መውለድ ነበረበት። የኛው ክልል ተቃራኒውን ያሳያል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 5.9 ልጅ ትወልድ ነበር፣ በ2016ቱ 3.7 ሆነ። አዲስ አበባ ያኔ 1.8 ነበር፣ ራሱን እንኳ አይተካም። ይሄ ረሃብ ያመጣው ነው? ልጅ ሳይሞት ሲያድግ፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትቆይ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌውን ቀበሌ ድረስ ይዛ ስትመጣ የመጣ ነው። ሰው አስቦ ይወስናል፣ አጋዘን አይወስንም። መሬት ጠቧል የሚለው ላይ ግን አልከራከረውም፣ ጠቧል፣ ወጣቱ ብዙ ስለሆነ ወሊድ ቢቀንስም ቁጥሩ ገና ይጨምራል።

የመጨረሻው «የክረምቱ ክልከላ ይቅር» የሚለው ነው፣ ምክንያቱም አስጋሪው ምን ይብላ ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ በዛ ነው ሚተዳደረው። ግን ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ያለ ማን አለ? መዘጋት ያለባቸው የወንዝ አፎቹና ላይኛው ጠጠር ያለበት ቦታ ናቸው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ክፍቱ ሐይቅ ላይ ሰፊ ዓይን ባለው መረብ መስራት ይቻላል። አስጋሪው ብቻውን ደግሞ ሊጠየቅ አይገባም። ነሐሴ ላይ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል የሞላው ነጭ አሳ በርካሽ የሚቀበል ሆቴልና አከፋፋይ እስካለ ድረስ ሌሊት ወንዝ አፉ ላይ መረብ የሚዘረጋ አይጠፋም፣ ስለዚህ ቁጥጥሩ በጉማራ አፍ ብቻ ሳይሆን እዚህ ከተማ ገዢው በር ላይም ይጀመር ባይ ነኝ።